ቲቲኤፍ፣ ኦቲኤፍ ወይስ ዎፍ 2? ስክሪን ላይ ጥርት ብሎ ለሚነበብ ጽሑፍ የፎንት ፋይል አመራረጥ

አንድ ፎንት አወረዳችሁ እንበል። ዚፑን ስትፈቱት ውስጡ አራት አምስት ፎልደር አለ። አንዱ ቲቲኤፍ ይላል፣ ሌላው ኦቲኤፍ፣ ከዚያ ዎፍ፣ ዎፍ 2፣ አንዳንዴም ኢኦቲ። የፊደሉ መልክ ሁሉም ውስጥ አንድ ነው። ታዲያ የቱ ይሻላል?

የብዙ ሰው መልስ «ኦቲኤፍ አዲስ ስለሆነ እሱ ይሻላል» ነው። እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ስል ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ ኦቲኤፍ ፎንት ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት ነጻ መቀየሪያ ወደ ቲቲኤፍ ቀየርኩና ድረ ገጽ ላይ ጫንኩት። እኔ ላፕቶፕ ላይ ልቅም ያለ ነበር። ሥራውን ያዘዘኝ ሰው ቢሮ ባለው ተራ ሞኒተር ላይ ሲከፈት ግን ጽሑፉ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ሁለት ቀን ሙሉ ሲኤስኤሱን፣ ማለትም የገጹን መልክ የሚወስነውን ኮድ፣ ስጎረጉር ዋልኩ። ጥፋቱ እዚያ አልነበረም። ፎንቱን ስቀይር ሳላውቅ ያራገፍኩት ነገር ነበር። ምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ እንደርስበታለን።

ከወዲሁ አንድ ነገር እንያዝ። ከፋይሉ ስም ኋላ የሚመጣው ቅጥያ በራሱ ጽሑፍ አያሳምርም። ጽሑፉን የሚያጠራው ወይም የሚያደበዝዘው ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ነው፤ ያንን ነገር ስክሪን ላይ የሚስለው ሶፍትዌርም አለበት። ስለዚህ ምርጫው ከፋይሉ ሳይሆን ከአንባቢው ይጀምራል።

ደረጃ 1፦ ጽሑፉ በምን እንደሚነበብ እወቁ

መጀመሪያ ስክሪኑ። 24 ኢንች የሆነ፣ 1920 በ1080 ፒክስል ያለው ሞኒተር በአንድ ኢንች ውስጥ የሚይዘው 92 ገደማ ፒክስል ነው። 27 ኢንች ሆኖ 5120 በ2880 የሆነው ደግሞ 218 ገደማ ይይዛል። የዛሬ ስልኮች ከዚያም ይበልጣሉ። ፒክስሉ ሲበዛ የፎርማት ልዩነት ከዓይን ይሰወራል። አንባቢዎቻችሁ በሙሉ በስልክ የሚያነቡ ከሆነ ደረጃ 4ን ዘልላችሁ ብታልፉ ብዙ አይጎልባችሁም። ተራ ሞኒተር ያለበት ቢሮ ካለ ግን አትዝለሉት።

ቀጥሎ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ። ፎንት ፋይል ስዕል አይደለም፤ የመስመርና የነጥብ መግለጫ ነው። መግለጫውን ወደ ፒክስል የሚለውጠው ሲስተሙ ነው። ዊንዶውስ ላይ ይህን የሚሠራው በአብዛኛው ዳይሬክትራይት ነው። ቆየት ያሉ ፕሮግራሞች ግን አሁንም ጂዲአይ በሚባለው አሮጌ መንገድ ይስላሉ። ማክና አይፎን ላይ ኮር ቴክስት አለ። ሊኑክስና አንድሮይድ ላይ ፍሪታይፕ።

ጸባያቸው ይለያያል። ማክ ዲዛይነሩ የሣለውን ቅርጽ እንዳለ ያስቀምጣል፤ ፊደሉን ከፒክስል መስመር ጋር ለማስተካከል አይጨነቅም። ዊንዶውስ በተቃራኒው ፎንቱ ውስጥ የተጻፈውን ትእዛዝ ይሰማል። «እኔ ጋ እኮ ያምራል» የሚል ዲዛይነርና «እኔ ጋ ደብዝዟል» የሚል ደንበኛ የሚጨቃጨቁት እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ደረጃ 2፦ ደብዳቤውንና ፖስታውን ለዩ

ፎርማቶቹ ብዙ ይመስላሉ እንጂ ደብዳቤው፣ ማለትም ውስጡ ያለው የፊደል ንድፍ፣ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ ትሩታይፕ ነው። አፕል ሠርቶ በ1991 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ሲስተም 7 ከተባለው የማክ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር አወጣው፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ1992 ዊንዶውስ 3.1 ውስጥ አስገባው። ሌላው የፖስትስክሪፕት ንድፍ ነው፣ አዶቤ ከ1984 ጀምሮ ያመጣው። የዛሬው መልኩ ሲኤፍኤፍ ይባላል።

በ1996 ማይክሮሶፍትና አዶቤ ኦፕንታይፕን አስተዋወቁ። ኦፕንታይፕ ሁለቱንም ንድፍ መያዝ የሚችል አንድ መዋቅር ነው። በልማድ የትሩታይፕ ንድፍ ያለው ቲቲኤፍ ተባለ፣ የሲኤፍኤፍ ንድፍ ያለው ኦቲኤፍ ተባለ። ስለዚህ «አሮጌና አዲስ» የሚለው ክፍፍል ልክ አይደለም። ዛሬ የምታወርዱት ቲቲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ እሱ ራሱ ኦፕንታይፕ ነው። የፊደል ማያያዣው፣ አማራጭ ቅርጹ፣ የቁጥር ስታይሉ በሁለቱም ውስጥ ይሠራል።

በሁለቱ ንድፎች መካከል ያለው ልዩነት ጎባጣ መስመር አሳሳል ላይ ነው። ትሩታይፕ በሁለት ነጥብ መካከል ያለውን መስመር የሚያጎብጠው በአንድ መቆጣጠሪያ ነጥብ ነው፤ ሲኤፍኤፍ በሁለት። ስለዚህ አንድን ክብ ለመሳል ትሩታይፕ ብዙ ነጥብ ይፈልጋል። በንባብ መጠን ይህ ለዓይን አይታይም። «የኦቲኤፍ ጉብጠት ይለሰልሳል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በ16 ፒክስል ለይቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

ዎፍና ዎፍ 2 ደግሞ ፖስታዎቹ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ያው ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ ነው፤ በኢንተርኔት እንዲፈጥን ታምቆ የታሸገ። ዎፍ በ2012፣ ዎፍ 2 በ2018 የድር ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ድርጅት የደብሊው 3 ሲ ይፋዊ ስታንዳርድ ሆኑ። ፖስታው ቢቀየር ደብዳቤው አይቀየርም። ፎንቱን ወደ ዎፍ 2 ስላሸጋችሁት አይጠራም፣ አይደበዝዝምም። የሚለወጠው የሚወርድበት ፍጥነት ነው።

ደረጃ 3፦ ፋይሉን ከፍታችሁ ውስጡን እዩ

ቅጥያውን አትመኑ፤ በኦቲኤፍ ቅጥያ ውስጥ የትሩታይፕ ንድፍ ሊገኝ ይችላል። ማረጋገጡ የደቂቃ ሥራ ነው። ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን ሁለቴ ጠቅ አድርጉ። በሚከፈተው የፎንት ማሳያ መስኮት አናት ላይ «ትሩታይፕ አውትላይንስ» ወይም «ፖስትስክሪፕት አውትላይንስ» የሚል መስመር ታያላችሁ። እሱ ነው ደብዳቤው።

ፕሮግራመር ከሆናችሁ ፋይሉን በሄክስ ማሳያ ክፈቱና የመጀመሪያዎቹን አራት ባይቶች እዩ። ኦ፣ ቲ፣ ቲ፣ ኦ የሚሉ አራት የላቲን ፊደላት ካሉ ሲኤፍኤፍ ነው። ዜሮ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ከሆነ ትሩታይፕ ነው።

ደረጃ 4፦ ሂንቲንጉን መርምሩ

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው፤ እኔም የወደቅኩት እዚህ ነው። ረጋ ብለን እንየው።

«ቸ» የምትለዋን ፊደል ውሰዱ። «ተ» ላይ አናቷ ላይ ሰረዝ ሲጨመር ቸ ትሆናለች። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ያቺ ሰረዝ ብቻ ናት። አሁን ፎንቱ ፊደሉን 1000 አሃድ ከፍታ ባለው ሰሌዳ ላይ ሣለው እንበል። የላይኛው ሰረዝ ከ660 እስከ 740 ድረስ ነው፣ መካከለኛው ሰረዝ ከ420 እስከ 500። ሁለቱም 80 አሃድ ውፍረት አላቸው። እኩል ናቸው።

ይህን በ16 ፒክስል እንሣለው። አንድ አሃድ 0.016 ፒክስል ይሆናል። መካከለኛው ሰረዝ ከ6.72 እስከ 8.00 ላይ ያርፋል። አንድ ፒክስል ሙሉ በሙሉ ይጠቁራል፣ ከሥሩ ያለው 28 በመቶ ግራጫ ይሆናል። ጥሩ፣ ይነበባል። የላይኛው ሰረዝ ግን ከ10.56 እስከ 11.84 ላይ ያርፋል። አንዱ ፒክስል 44 በመቶ፣ ሌላው 84 በመቶ። ሙሉ ጥቁር የሆነ የለም። ዲዛይነሩ እኩል ያደረጋቸው ሁለት ሰረዞች ስክሪኑ ላይ አንዷ ጥርት ያለች፣ አንዷ የፈሰሰች ሆኑ። የፈሰሰችው ደግሞ ቸን ከተ የምትለየዋ ናት። መጠኑ ወደ 12 ፒክስል ሲወርድ «መጣች» የሚለው «መጣት» ሊመስል ምንም አይቀረው።

ሂንቲንግ የሚባለው ይህን የሚያስተካክል፣ ፎንቱ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። «በዚህ መጠን የላይኛውን ሰረዝ አንድ ፒክስል አድርገው፣ ጫፉን 12 ላይ አሳርፈው፣ መካከለኛውን ከ7 እስከ 8 አድርገው» ይላል። ቅርጹ ከዋናው ንድፍ ጥቂት ይዛነፋል። በምትኩ ሁለቱም ሰረዞች ጥርት ይላሉ፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ልክ 3 ፒክስል ይሆናል።

ሁለቱ ንድፎች በሰፊው የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ትሩታይፕ ውስጥ ሂንቲንጉ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የትኛው ነጥብ ወዴት እንደሚንቀሳቀስ አንድ በአንድ ያዝዛል። ሲኤፍኤፍ ውስጥ ግን ጥቆማ ብቻ ነው። «እዚህ ጋ ሰረዝ አለ፣ የፊደላቱ አናት እዚህ ላይ ነው» ይልና የቀረውን ለሲስተሙ ይተወዋል። ስለዚህ በጥንቃቄ የተሠራ ትሩታይፕ ተራ ሞኒተር ላይ ወደር የለውም። ግን የሰው ጉልበት ይፈልጋል። በደንብ የሚሠራው ባለሙያ ጥቂት ነው፣ ሥራውም አሰልቺ ነው።

የኔ ደረጃ አሰጣጥ ለዊንዶውስና ለተራ ሞኒተር እንዲህ ነው። አንደኛ፣ በደንብ ሂንት የተደረገ ቲቲኤፍ። ሁለተኛ፣ ሲኤፍኤፍ ያለው ኦቲኤፍ፤ ለስለስ ይላል እንጂ አያሳፍርም፣ ምክንያቱም ሲስተሙ ከጥቆማው ተነስቶ የሚያስተካክለው ነገር አለ። መጨረሻ፣ ምንም ሂንቲንግ የሌለው ቲቲኤፍ። እኔ ያን ቀን ኦቲኤፉን ወደ ቲቲኤፍ ስቀይር ከሁለተኛው ተነስቼ በቀጥታ መጨረሻው ላይ ነው ያረፍኩት። መቀየሪያው ቅርጹን እንጂ ጥቆማውን አላሻገረውም።

ሁለት ነገር ልጨምር። የዛሬው ዊንዶውስ ክሊርታይፕ የሚባለውን ጽሑፍ የማጥሪያ ዘዴውን ሲጠቀም ወደ ጎን የሚሄደውን ማስተካከያ ብዙም አይሰማም። እያንዳንዱ ፒክስል ጎን ለጎን የተደረደሩ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች ስላሉት በእነሱ ይጠቀማል። ከላይ ወደ ታች ያለው ማስተካከያ ግን ወሳኝ እንደሆነ ቀርቷል። ለዚህ ነው ምሳሌዬን በቋሚ እግር ሳይሆን በአግድም ሰረዝ የሰጠሁት። ሌላው፣ ቲቲኤፍ ውስጥ ጋስፕ የሚባል ትንሽ ሠንጠረዥ አለ። በየትኛው መጠን ጠርዙ ይለስልስ፣ በየትኛው ሂንቲንግ ይሥራ የሚለውን ይወስናል። ሁሉም ነገር ልክ ሆኖ ጽሑፉ አሁንም የተሰባበረ ከመሰለ ፎንቱን የሠራውን ሰው ስለ ጋስፕ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ተረስቶ ይገኛል።

ደረጃ 5፦ እንግዲህ ምረጡ

ድረ ገጽ ከሆነ ፖስታው ዎፍ 2 ነው። አለቀ። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ሳፋሪና ኤጅ ሁሉም ከ2016 ጀምሮ ያውቁታል። የማያውቀው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበር፣ እሱም በ2022 ጡረታ ወጥቷል። በጣም አሮጌ ኮምፒውተር የሚጠቀም አንባቢ አለን ካላችሁ ዎፍን በተጠባባቂነት ጨምሩ። ሲኤስኤሱ ውስጥ ዎፍ 2 ይቅደም፣ ዎፍ ይከተል። ብራውዘሩ ከላይ ወደ ታች እያነበበ የሚችለውን የመጀመሪያ ፋይል ይወስዳል። ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተሠራውን ኢኦቲንና የድሮውን ኤስቪጂ ፎንት አጥፏቸው፤ የሚጠይቃቸው የለም።

ደብዳቤውስ? ጥሩ ሂንቲንግ ያለው ቲቲኤፍ ካለ እሱን አሽጉ። ዎፍ 2 የትሩታይፕን ንድፍ ከማመቁ በፊት አስተካክሎ የሚደረድርበት የራሱ ዘዴ ስላለው መጠኑም በደንብ ይቀንሳል። ሂንት የተደረገ ቲቲኤፍ ከሌለና ከፋብሪካው የወጣው ኦቲኤፍ ብቻ ከሆነ፣ ኦቲኤፉን እንዳለ አሽጉት። ቲቲኤፍ እንዲሆን ብላችሁ አታስጨንቁት።

አንድ ወጥመድ አለ። ሲኤስኤስ ውስጥ «ሎካል» የሚባል መመሪያ አንባቢው ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ፎንት ካለ እሱን ይጠቀማል። ቁጠባ ይመስላል። ነገር ግን ሰውዬው ከብዙ ዓመት በፊት የጫነው አሮጌ ቨርዥን ሊሆን ይችላል፤ እናንተ የማታዩትን ጽሑፍ እሱ ያያል። እኔ አልጠቀምበትም።

ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ለመጻፍ ከሆነ ዎፍ አያገለግልም። ቀኑን ሙሉ ዊንዶውስ ላይ ለሚጻፍና ለሚነበብ ቲቲኤፍ፤ ለኅትመትና ለዲዛይን ሥራ ኦቲኤፍ ምንም አይልም። ሁለቱን አንድ ላይ ግን አትጫኑ። ስማቸው አንድ ስለሆነ ፕሮግራሙ የትኛውን እንደወሰደ አታውቁም፣ የጽሑፉ መስመር አሰባበርም ባልጠበቃችሁት ጊዜ ይቀየራል። ማክ ላይ ለሚሠራ ሰው የወደደውን ይጫን።

የስልክ መተግበሪያ ከሆነ ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ አብራችሁ አስገቡ። ታይፕ 1 የሚባለው፣ ሁለት ፋይል ሆኖ የሚመጣው የድሮ የአዶቤ ፎርማት ካላችሁ ደግሞ ጊዜው አልፏል። አዶቤ ራሱ ከጥር 2023 ጀምሮ መደገፉን ትቷል። ያንኑ ፎንት በኦፕንታይፕ ፈልጉ።

ተለዋዋጭ ፎንትስ? ከ2016 ጀምሮ በአንድ ፋይል ከቀጭን እስከ ደማቅ ያለውን ሁሉ መያዝ ይቻላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ውፍረት የምትጠቀሙ ከሆነ ያዋጣል። ለሁለት ብቻ ከሆነ ግን ሁለት ቋሚ ፋይሎች አንሰው ሊገኙ ይችላሉ፤ መዝኑት። ስትመርጡ የትሩታይፕ ንድፍ ያለውን ውሰዱ፣ በብዙ ቦታ የሚሠራው እሱ ነው። ብዙዎቹ ተለዋዋጭ ፎንቶች ሂንቲንግ እንደሌላቸው ግን አትርሱ። ለተራ ሞኒተር ከሆነ ቋሚውን ፋይል ጎን ለጎን ሳትሞክሩ አትወስኑ።

ደረጃ 6፦ ስትቀይሩና ስትቀንሱ ተጠንቀቁ

መጀመሪያ ፈቃዱን አንብቡ። ፎንት ኮምፒውተር ላይ መጫን ተፈቀደ ማለት ድረ ገጽ ላይ መጠቀም ወይም መቀየር ተፈቀደ ማለት አይደለም።

ከዚያ፣ ከዋናው ፋይል ተነሱ። ከዎፍ ወደ ቲቲኤፍ፣ ከቲቲኤፍ ወደ ኦቲኤፍ፣ መልሶ ወደ ዎፍ 2 የተንከራተተ ፋይል በየመንገዱ የሆነ ነገር እየጣለ ነው የሚመጣው። ማሸግና መፍታት ምንም አይጎዳም። የሚጎዳው የንድፉን ዓይነት መለወጥ ነው። ጎባጣው መስመር በግምት ይሣላል፣ ሂንቲንጉ ይጠፋል። የግድ ከሆነባችሁ ከለወጣችሁ በኋላ ቲቲኤፍ-አውቶሂንት በሚባለው ነጻ መሣሪያ አሳልፉት። የሰው እጅን አይተካም፣ ባዶ ከመሆን ግን በጣም ይሻላል።

የማትፈልጉትን ፊደል ቆርጦ ፋይሉን ማሳነስም ይቻላል። ፎንትቱልስ የሚባለው የፓይዘን መሣሪያ ይህን በደንብ ይሠራል፤ ካላዘዛችሁት በቀር ሂንቲንጉን አይነካም። ድረ ገጽ ላይ ያሉ ማመቻቻዎች ግን ብዙ ጊዜ «ያለውን ሂንቲንግ ጠብቅ» የሚል ምርጫ አላቸውና እሱን ምልክት አድርጉበት። አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ፣ የጥቅስ ምልክትና ቁጥሮችም ከሚቀሩት መካከል መሆናቸውን አረጋግጡ። የተቆረጠ ምልክት ብራውዘሩ ከሌላ ፎንት ስለሚበደር ዐረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ባዕድ ነገር ብቅ ይላል።

ሰርቨር ላይ ስትጭኑ ዎፍ 2ን በጂዚፕ ደግማችሁ አታምቁ። ቀድሞውንም የታመቀ ነው፤ ሰርቨሩ በከንቱ ይለፋል።

ደረጃ 7፦ በእውነተኛ ፒክስል ሞክሩ

አንድ ባዶ ገጽ አዘጋጁ። አንዱን ዐረፍተ ነገር በ12፣ 14፣ 16፣ 20 እና 32 ፒክስል ደርድሩ። ዐረፍተ ነገሩ የሚያስቸግሩ ፊደላት ይኑሩበት፦ ቸ እና ተ፣ ኘ እና ነ፣ ዠ እና ዘ። በላቲን ከሆነ ትንሹ ኢና ሲ፣ እንዲሁም አርና ኤን ጎን ለጎን ሆነው ኤም የሚመስሉበት ቃል ይግባበት። እጩ ፋይሎቹን አንዱን ከሌላው በታች አድርጉ።

ብራውዘሩ ዙም 100 በመቶ ላይ ይሁን። ዊንዶውስ ላይ የስክሪን ስኬሉን በ100፣ በ125 እና በ150 በመቶ እየለወጣችሁ እዩ። በ125 ሲሆን 16 ፒክስል ያላችሁት በእውነቱ 20 ሆኖ ነው የሚሣለው፤ በ16 ያማረው በ20 ላያምር ይችላል። ከዚያ ስክሪንሹት አንሱና በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ስምንት እጥፍ አጉሉት። ሲያጎላ ጠርዙን እንዳያለሰልስ ማድረጋችሁን እርግጠኛ ሁኑ። አግድም ሰረዞቹን ቁጠሩ። ሁሉም አንድ ዓይነት ጥቁረት አላቸው? የፊደላቱ አናት አንድ መስመር ላይ ነው? ጠርዙ ላይ ቀይና ሰማያዊ ጭረት ብታዩ አትደንግጡ፤ ክሊርታይፕ ነው።

ጥቁር ዳራ ላይ በነጭ ጽሑፍም ሞክሩት። ያው ፎንት ደመቅ ብሎ ይታያል፣ ጠባብ ክፍተቶች ይደፈናሉ።

ፎርማቱን ከመክሰሳችሁ በፊት ደማቁን ጽሑፍ እዩት። ደማቅ ፋይል ካልጫናችሁ ብራውዘሩ መደበኛውን ወስዶ በግምት ያወፍረዋል። የቀ ዓይን ይደፈናል፣ የሠ ጥርሶች ይጣበቃሉ። «ይሄ ዎፍ 2 ነው ያበላሸው» ተብሎ የመጣልኝ አቤቱታ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ይሄው ነው። የጎደለውን ደማቅ ፋይል ጫኑና ስክሪንሹቱን ድገሙት።

ያን የሙከራ ገጽ አትሰርዙት። ፎንቱ አዲስ ቨርዥን ሲወጣለት አሮጌውንና አዲሱን እዚያው ላይ አስተያዩ። ዲዛይነሩ ንድፉን አሻሽሎ ሂንቲንጉን ሳይመልስ የለቀቀበት ቨርዥን ከአንድም ሁለት ጊዜ ገጥሞኛል። ሁለቱንም ጊዜ የያዝኩት የቸ አናት ላይ ባለችው ሰረዝ ነው።